በአሜሪካ ንግድ ለከፈተ ሰው፦ የሽያጭ ታክስ ከምዝገባ እስከ ክፍያ

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ደንበኛ የ100 ዶላር ጫማ ገዝቶ 106 ዶላር ከከፈለ፣ ከዚያ ውስጥ 6 ዶላሩ ለአንድ ደቂቃም የባለሱቁ ገንዘብ አይሆንም። ባለሱቁ ለግዛቱ መንግሥት ተቀብሎ የያዘው አደራ ነው። ይህን በደንብ የጨበጠ ነጋዴ የቀረውን ሕግ ቀስ እያለ ይማረዋል። ያልጨበጠው ግን ገንዘቡን ከራሱ ገንዘብ ጋር በአንድ የባንክ ሂሳብ ይቀላቅለዋል፤ ኪራይ ሲደርስ ለኪራይ፣ ደመወዝ ሲደርስ ለደመወዝ ያውለዋል፤ የመክፈያው ቀን ሲመጣ እጁ ላይ የለም። ሌት ተቀን ለፍተው ያቆሙትን ምግብ ቤት ወይም ሱቅ በዚህ ምክንያት ማጣት በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ቀድሞ ላወቀው ሰው ሙሉ በሙሉ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገሮችን እንለይ። የሽያጭ ታክስ ከገቢ ግብር ጋር አይገናኝም። የገቢ ግብር ካተረፉት ላይ የሚከፈል ሲሆን፣ የሽያጭ ታክስ ግን ቢያተርፉም ቢከስሩም ከደንበኛው ተቀብለው የሚያስተላልፉት ነው። የፌዴራሉ የገቢዎች መሥሪያ ቤትም በዚህ ጉዳይ የለበትም፤ በአሜሪካ አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ የለምና። 45 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሕግ ይሰበስባሉ። አላስካ፣ ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸር እና ኦሬገን በግዛት ደረጃ የላቸውም፤ በአላስካ ግን ከተሞችና ወረዳዎች የራሳቸውን ይጥላሉ።

አገር ቤት በተጨማሪ እሴት ታክስ የሠራ ሰው ደግሞ አንድ ልዩነት ልብ ማለት አለበት። በዚያ ሥርዓት ታክሱ ከአስመጪ እስከ ቸርቻሪ በየደረጃው ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ነጋዴም በግዥ የከፈለውን ከሽያጩ ታክስ ላይ ይቀንሳል። በአሜሪካ የሽያጭ ታክስ ግን የሚከፈለው ዕቃው የመጨረሻው ተጠቃሚ እጅ ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማቀናነስ የሚባል ነገር የለም። ለዚህም ነው ከጅምላ ሻጭ ሲገዙ ታክስ ሳይከፍሉ ለመግዛት ማረጋገጫ የሚያስፈልግዎት፤ ወደዚያ በደረጃ 6 እንመለሳለን።

ደረጃ 1፦ የትኛው ግዛት እንደሚመለከትዎ ይለዩ

ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ቢሮ፣ የዕቃ መጋዘን ወይም ሠራተኛ ባለዎት ግዛት ውስጥ ግዴታ አለብዎት። በአንድ ቦታ ብቻ የሚነግድ ሰው እዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ የለበትም፤ የሚመለከተው የራሱ ግዛት ነው።

በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ግን ረጋ ብሎ ያንብብ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በኩዊል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ አንድ ግዛት ታክስ እንዲሰበስብ ሊያስገድድ የሚችለው በግዛቱ ውስጥ በአካል የሚገኝን ሻጭ ብቻ ነበር። በሰኔ 2018 ግን ይኸው ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታ ግዛት እና በኢንተርኔት ሻጩ ድርጅት በዌይፌር ክርክር የቀድሞውን ውሳኔ ሻረው። የሳውዝ ዳኮታ ሕግ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ወይም 200 ሽያጭ ወደ ግዛቱ የላከ ሻጭ፣ ቢሮ ባይኖረውም እንዲሰበስብ ያስገድድ ነበር። ከዚያ በኋላ የሽያጭ ታክስ ያላቸው ግዛቶች በሙሉ ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ጣሪያው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፦ በካሊፎርኒያና በቴክሳስ 500,000 ዶላር ነው፤ ኒው ዮርክ ደግሞ ከ500,000 ዶላር በላይም፣ ከ100 ሽያጭ በላይም አንድ ላይ መሟላታቸውን ትጠይቃለች። ራሷ ሳውዝ ዳኮታ በ2023 የ200 ሽያጩን መለኪያ አንሥታ የገንዘቡን ብቻ አስቀርታለች። ስለዚህ ከግዛት ውጭ የሚልኩ ከሆነ ሽያጭዎን በየግዛቱ ለይተው ይመዝግቡ፤ በየሦስት ወሩም ይመልከቱት።

በአማዞን፣ በኢቤይ ወይም በኤትሲ በኩል ብቻ የሚሸጡ ከሆነ ታክሱን የሚሰበስበውና የሚያስተላልፈው የገበያው ድርጅት ነው። ይህ ትልቅ ሸክም ያቀልላል። ሆኖም ዕቃዎን አማዞን በሌላ ግዛት መጋዘን ውስጥ ካስቀመጠው፣ ያ ዕቃ በዚያ ግዛት የመመዝገብ ግዴታ ሊያመጣብዎት ይችላል። ከገበያው ውጭ በራስዎ ድረ ገጽ የሚሸጡት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ደረጃ 2፦ በር ከመክፈትዎ በፊት ፈቃድ ያውጡ

ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ከግዛቱ የታክስ መሥሪያ ቤት የሽያጭ ታክስ ፈቃድ ማግኘት አለብዎት። ስሙ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ የሻጭ ፈቃድ ትለዋለች፣ ኒው ዮርክ የሥልጣን ማረጋገጫ ትለዋለች፣ ቴክሳስ ደግሞ የሽያጭና የመጠቀሚያ ታክስ ፈቃድ ትለዋለች። የከተማ የንግድ ፈቃድ ወይም የኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ምዝገባ ይህን አይተካም። ኒው ዮርክ ማመልከቻው ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ 20 ቀን በፊት እንዲገባ ትጠይቃለች፤ ያለ ማረጋገጫ ሲሸጥ የተገኘ ሰው እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ሲያመለክቱ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥርዎን ወይም የቀጣሪ መለያ ቁጥርዎን፣ የድርጅቱን የምዝገባ ሰነድ፣ የንግዱን አድራሻ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር እና የሚጠብቁትን ወርሃዊ ሽያጭ ግምት ያዘጋጁ። በሦስቱም ግዛቶች ለፈቃዱ የማመልከቻ ክፍያ የለም፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ግን ከአንዳንድ አመልካቾች መያዣ ሊጠይቁ ይችላሉ። የቀጣሪ መለያ ቁጥሩንም የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በነጻ ይሰጣል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው አለ፦ በኢንተርኔት ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚመጡት የመንግሥት የሚመስሉ የግል ድረ ገጾች በነጻ ለሚገኝ ነገር ገንዘብ ያስከፍላሉ። አድራሻው በነጥብ ጎቭ የሚያልቀውን የመንግሥት ገጽ ይፈልጉና እዚያው ያመልክቱ።

ፈቃዱ ሲመጣ ደንበኛ በሚያየው ቦታ ይስቀሉት። ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ሱቁን ለእህትዎ ወይም ለባልደረባዎ ቢያስተላልፉ እርሷ የራሷን ማውጣት፣ እርስዎም የእርስዎን መዝጋት አለብዎት። ያልተዘጋ ፈቃድ ንግዱ ከቆመ በኋላም የታክስ ማስታወቂያ ሲጠየቅበት ይኖራል።

ደረጃ 3፦ ነባር ንግድ የሚገዙ ከሆነ የሻጩን ዕዳ ያጣሩ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙዎቻችን ንግድ የምንጀምረው ከሌላ ሰው በመግዛት ስለሆነ ነው። ምግብ ቤቱን የሸጠልዎት ሰው የሽያጭ ታክስ ሳይከፍል ቆይቶ ከሆነ፣ በብዙ ግዛቶች ሕግ ዕዳው ንግዱን ተከትሎ ወደ ገዢው ይመጣል። ሻጩ የአገርዎ ልጅ መሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕድር መተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ መሃል መኖሩ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ሻጩ ራሱ ዕዳ እንዳለበት ላያውቅም ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው። በቴክሳስ ታክስ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከኮምፕትሮለሩ፣ ማለትም ከግዛቱ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ይጠይቁ። በካሊፎርኒያም ተመሳሳይ የዕዳ ነጻነት ማረጋገጫ አለ። በኒው ዮርክ ገዢው ንግዱን ከመረከቡ ወይም ከመክፈሉ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የጅምላ ሽያጭ ማሳወቂያ፣ ማለትም ንግዱ እንዳለ መሸጡን የሚገልጽ ቅጽ፣ መላክ አለበት። ማረጋገጫው እስኪደርስ የግዥው ገንዘብ በጠበቃ ወይም በአደራ ሂሳብ ይቆይ። ሻጩ "አያስፈልግም፣ እንተማመን" ካለዎት፣ በትሕትና ግን ሳይናወጡ አይሆንም ይበሉ።

ደረጃ 4፦ ከሚሸጡት የትኛው ታክስ እንዳለበት ይለዩ

በጥቅሉ የሚዳሰስ ዕቃ ሁሉ፣ ሕጉ ነጻ ካላደረገው በስተቀር፣ ታክስ አለበት። አገልግሎት ደግሞ በአብዛኛው ነጻ ነው፤ ሕጉ በስም ከጠራው ግን ይታከሳል። ችግሩ ያለው በየግዛቱ ባሉት ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ ነው።

ምግብን እንውሰድ። በሜሪላንድ፣ በቴክሳስና በኒው ዮርክ ወደ ቤት ተወስዶ የሚበላ የምግብ ሸቀጥ በጥቅሉ ነጻ ነው፤ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ግን ታክስ አለባቸው። በቨርጂኒያ ከጥር 2023 ወዲህ በምግብ ሸቀጥ ላይ የሚከፈለው 1 በመቶ ብቻ ነው። ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ምግብ ግን በእነዚህ ሁሉ ሙሉ ታክስ ይከፈልበታል። ስለዚህ አንድ ባለሱቅ በፌስታል የታሸገ እንጀራ ሲሸጥ በአንድ መንገድ፣ በዚያው ሱቅ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ያንኑ እንጀራ ከወጥ ጋር ሲያቀርብ በሌላ መንገድ ይሠራል። ቡናም እንዲሁ ነው፦ በኒው ዮርክ የታሸገ የቡና ፍሬ ነጻ ነው፤ በስኒ ተቀድቶ የሚሸጥ ትኩስ ቡና ይታከሳል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለብቻው ተሽጦ ተይዞ የሚኬድ ትኩስ ቡና ላይ ታክስ አትጥልም። እንዲህ ያለውን ነገር በግምት ወይም ጎረቤት ባለሱቅ እንዴት እንደሚሠራ በማየት ማወቅ አይቻልም፤ ጎረቤትዎም ሲሳሳት ሊኖር ይችላል።

ምግብ ቤት ያላችሁ ሌላም አለባችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ በምግብ ቤት ምግብ ላይ 10 በመቶ ታስከፍላለች። በቨርጂኒያ ብዙ ከተሞች ከግዛቱ ታክስ በላይ የራሳቸው የምግብ ታክስ አላቸው፤ የአሌክሳንድሪያው 5 በመቶ ሲሆን የሚከፈለው ለግዛቱ ሳይሆን ለከተማው ነው። ለግዛቱ በሥርዓት እየከፈሉ የከተማውን ሳያውቁ መቅረት ይቻላል። ምግብ ቤት ሲከፍቱ ታዲያ ሁለት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ የግዛቱንም፣ የከተማውን ወይም የካውንቲውንም።

ጉርሻ ደንበኛው በፈቃዱ የሚሰጠው እስከሆነ ድረስ አይታከስም። ለትልልቅ ቡድኖች ደረሰኙ ላይ በግዴታ የሚጨመረው የአገልግሎት ክፍያ ግን በካሊፎርኒያ ይታከሳል። በቴክሳስ ከ20 በመቶ ካልበለጠ፣ በደረሰኙ ተለይቶ ከተጻፈና ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞቹ ከተከፋፈለ አይታከስም። ከዚያ የተወሰነውን ቤቱ ካስቀረ ነጻነቱ ይቀራል።

ልብስ በሚኒሶታ፣ በፔንስልቬንያና በኒው ጀርሲ በአብዛኛው ነጻ ነው። በኒው ዮርክ አንዱ ልብስ ከ110 ዶላር በታች ከሆነ የግዛቱ 4 በመቶ አይነካውም። በቴክሳስ ግን የሐበሻ ቀሚስም ሆነ ሸሚዝ ታክስ አለበት፤ በነሐሴ ወር ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ከ100 ዶላር በታች የሆኑ ልብሶች ነጻ ይደረጋሉ። ከአገልግሎቶች ደግሞ የጽዳት ሥራ በቴክሳስ ይታከሳል። ፀጉር መሥራት በብዙ ግዛቶች ነጻ ሲሆን፣ ኒው ዮርክ ከተማ ግን የራሷን 4.5 በመቶ ትሰበስባለች። ፀጉር ቤቱ የሚሸጠው ቅባትና ሻምፑ ዕቃ ስለሆነ እንደ ዕቃ ይታያል።

የሚሸጡትን ሁሉ ዘርዝረው፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት "ይታከሳል" ወይም "ነጻ" ብለው ይጻፉ። ያልገባዎትን ለግዛቱ ታክስ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስቀምጡ። በስልክ የተነገረ መልስ በኋላ አለኝ ብለው የሚያሳዩት ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን መጠን ያስሉ

መጠኑ ከግዛቱ ላይ የካውንቲው፣ የከተማው፣ አንዳንዴም የትራንስፖርት ወረዳው ተደምሮ የሚገኝ ነው። ሜሪላንድ በመላ ግዛቱ አንድ ዓይነት 6 በመቶ ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። የቴክሳስ 6.25 ሲሆን የአካባቢው ተጨምሮ ከ8.25 አይበልጥም። የካሊፎርኒያ ዝቅተኛው 7.25 ነው። ኮሎራዶ በግዛት ደረጃ 2.9 ብቻ ብትሆንም እንደ ዴንቨር ያሉ ከተሞች የራሳቸውን ታክስ ራሳቸው ይሰበስባሉ። በፖስታ ቁጥር ብቻ አይፈልጉ፤ አንድ የፖስታ ቁጥር ሁለት ከተማ ሊያካልል ይችላል። ግዛቶቹ ሙሉ አድራሻ ሲያስገቡ መጠኑን የሚያወጣ መፈለጊያ በድረ ገጻቸው ላይ አላቸው።

ዕቃ የሚልኩ ከሆነ የማን አካባቢ መጠን ነው የሚያዘው? በብዙ ግዛቶች ዕቃው የሚደርስበት ቦታ ነው። በቴክሳስ፣ በኦሃዮና በፔንስልቬንያ ግን በዚያው ግዛት ውስጥ ያለ ሻጭ በአብዛኛው የሚጠቀመው የራሱን ሱቅ ቦታ መጠን ነው።

ዋጋዎን ታክስ ጨምረው የሚናገሩ ከሆነ የስሌቱን አቅጣጫ አይሳቱ። ታክሱ 6 በመቶ ሆኖ በቀኑ መጨረሻ 1,000 ዶላር ከተሰበሰበ፣ ታክሱ 60 ዶላር አይደለም። 1,000ን ለ1.06 ያካፍሉት፤ ሽያጩ 943.40፣ ታክሱ 56.60 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ በቀን ትንሽ ቢመስልም በዓመት ከኪስዎ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በስሕተት ከደንበኛ አብዝተው የሰበሰቡትም ቢሆን ለደንበኛው ይመለሳል ወይም ለግዛቱ ይሰጣል፤ ለራስ ማስቀረት አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ሲገዙም ሕጉ አለ

መልሰው ለሚሸጡት ዕቃ ለጅምላ ሻጩ ታክስ አይክፈሉ፤ በምትኩ የድጋሚ ሽያጭ ማረጋገጫ ሞልተው ይስጡት። በኒው ዮርክ ቅጹ ኤስቲ-120 ይባላል፤ ሌሎችም ግዛቶች የራሳቸው አላቸው። ማረጋገጫው የሚሠራው ግን ለሚሸጠው ነገር ብቻ ነው። ለምግብ ቤቱ የገዙት ወንበር፣ ምድጃ፣ የወለል ሳሙና እና ኮምፒውተር እርስዎ ራስዎ የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ ታክስ ይከፍላሉ። ለቤትዎ የሚሆን ቴሌቪዥን በንግዱ ማረጋገጫ መግዛት ደግሞ ጥፋት ነው፤ ቅጣትም ያስከትላል።

እርስዎ በጅምላ ሻጭነት ቦታ ከሆኑ፣ ታክስ ሳይከፍል የሚገዛዎትን ሰው ማረጋገጫ ተቀብለው ያስቀምጡ። ኦዲት ቢመጣና ወረቀቱ ባይገኝ ታክሱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። "ሱቅ እንዳለው አውቃለሁ" ማለት አያድንም።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የመጠቀሚያ ታክስ። ማቀዝቀዣ ከዴላዌር ታክስ ሳይከፍሉ ገዝተው ሜሪላንድ ውስጥ ላለው ሱቅዎ ካመጡት፣ የሜሪላንድን 6 በመቶ በራስዎ የታክስ ማስታወቂያ ላይ ማሳወቅና መክፈል አለብዎት። ኦዲተሮች የመሣሪያ ግዥ ደረሰኞችን የሚመረምሩት ይህን ለማየት ጭምር ነው።

ደረጃ 7፦ አደራውን ለብቻው ያስቀምጡ፣ መዝገቡንም ይያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ። ለሽያጭ ታክስ የተለየ የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ። በየሳምንቱ መጨረሻ የሽያጭ መመዝገቢያው የሚያወጣውን የታክስ ድምር ይመልከቱና ያንኑ ያህል ወደዚያ ሂሳብ ያዛውሩ። ካርዱን ከኪስዎ አይያዙት። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ገንዘቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

ጥንቃቄው ከመጠን ያለፈ ከመሰለዎት የሚከተለውን ያስቡ። ኤልኤልሲ ወይም ኮርፖሬሽን ማቋቋም ከብዙ የንግድ ዕዳ ይጠብቃል። ተሰብስቦ ሳይተላለፍ የቀረ የሽያጭ ታክስ ግን በብዙ ግዛቶች ሕግ ኃላፊነት ያለበትን ሰው በግሉ ይከተለዋል፤ በጥቅሉ በኪሳራ ፍርድ ቤትም አይሰረዝም። ኃላፊነት ያለበት የሚባለውም ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ዕዳ ቀድሞ ይከፈል ብሎ የሚወስን ሥራ አስኪያጅ ወይም ሸሪክም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለዘመድ ንግድ በሸሪክነት ስምዎን ከማስገባትዎ በፊት ታክሱ በወቅቱ መከፈሉን በዓይንዎ የሚያዩበት መንገድ ይኑርዎት።

የሽያጭ መመዝገቢያውን ሲያስተካክሉ እያንዳንዱ ዕቃ በደረጃ 4 ባወጡት ዝርዝር መሠረት እንዲገባ ያድርጉ። በየቀኑ የመዝጊያውን ሪፖርት፣ የግዥ ደረሰኞችን፣ የባንክ መግለጫዎችንና ማረጋገጫዎችን ያስቀምጡ። ቴክሳስ ቢያንስ 4 ዓመት፣ ኒው ዮርክ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆዩ ያስገድዳሉ፤ እኔ ግን ቢያንስ 7 ዓመት ይቆዩ እላለሁ፤ ወረቀት ማስቀመጥ ከክርክር ይረክሳል።

መዝገብ የሌለው ነጋዴ በኦዲት ጊዜ የሚደርስበት ይህ ነው፦ ኦዲተሩ ከአቅራቢዎችዎ የገዙትን መጠን ወስዶ በዚያ ንግድ የተለመደውን የትርፍ ጭማሪ ይጨምርበታል፤ ይህን ያህል መሸጥ ነበረብዎት ይላል። የካርድ ክፍያ ድርጅቶች በ1099-ኬ ቅጽ የሚያሳውቁትንም ከማስታወቂያዎ ጋር ያመሳክራል። በቴክሳስ የአልኮልና የትምባሆ አከፋፋዮች ለእያንዳንዱ ቸርቻሪ የሸጡትን ለኮምፕትሮለሩ በየወሩ ያሳውቃሉ። ግምቱ ከእውነቱ በላይ ቢሆን እንኳ ማስተባበል የሚችለው መዝገብ ያለው ሰው ነው።

ደረጃ 8፦ በወቅቱ ያሳውቁ፣ ይክፈሉ

ፈቃዱ ሲሰጥዎት በየወሩ፣ በየሦስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ማሳወቅ እንዳለብዎት ይነገርዎታል፤ የሽያጩ መጠን ይወስነዋል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በቴክሳስ ቀኑ ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው ወር 20ኛ ቀን ነው። ኒው ዮርክ የሩብ ዓመት አቆጣጠሯ ከተለመደው ይለያል፦ የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ሽያጭ እስከ ሰኔ 20 ይከፈላል፤ ወሮቹ የፈረንጆቹ ናቸው።

ቅጹ አያስፈራም። በወሩ ጠቅላላ ሽያጩ 42,000 ዶላር ቢሆን፣ ከዚህ ውስጥ 30,000 ነጻ የምግብ ሸቀጥ ቢሆን፣ የሚታከሰው 12,000 ነው፤ በ6 በመቶ 720 ዶላር ይሆናል። ነጻውን ሽያጭ ጨርሶ አለመጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ጠቅላላው ይጻፋል፣ ነጻው በራሱ መስመር ይቀነሳል።

በዶርዳሽ ወይም በኡበር ኢትስ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በብዙ ግዛቶች ታክሱን የሚያስተላልፈው መተግበሪያው ነው፤ ሆኖም በሁሉም አይደለም። የወርሃዊ መግለጫቸውን ከፍተው ታክሱ ለእርስዎ ተልኳል ወይስ በእነርሱ ተከፍሏል የሚለውን ይመልከቱ። ካላዩት ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ ወይም ጨርሶ ሳይከፍሉ ይቀራሉ።

ሽያጭ ባይኖርም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሱቁን ለእድሳት ዘግተው ቢከርሙ ዜሮ ብለው ያስገቡ። ቴክሳስ ለዘገየ ማስታወቂያ ሁሉ፣ ታክስ ባይኖርበትም፣ 50 ዶላር ትቀጣለች። ታክስ ካለ ደግሞ እስከ 30 ቀን ለዘገየ 5 በመቶ፣ ከዚያ ለበለጠ 10 በመቶ ይጨመራል፤ በኋላም ወለድ ይከተላል። በጊዜው ለከፈለ ግን ያችው ቴክሳስ የታክሱን ግማሽ በመቶ ትተውለታለች። ለመክፈል ገንዘብ ካነሰዎት ማስታወቂያውን ከማስገባት አይቅሩ። ያሳወቀና ያልከፈለ ሰው የክፍያ ስምምነት መጠየቅ ይችላል፤ ያላሳወቀ ሰው ግን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ዕዳ ይወስንበታል።

ወደኋላ የቀሩ ከሆነ

ግዴታውን ሳያውቁ የቆዩ ካሉ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቁ። አብዛኞቹ ግዛቶች በፈቃደኝነት የማሳወቅ ስምምነት አላቸው። መሥሪያ ቤቱ ሳይደርስብዎት ቀድመው ከቀረቡ፣ ብዙውን ጊዜ ወደኋላ የሚጠይቁዎት 3 ወይም 4 ዓመት ብቻ ነው፤ ቅጣቱም ይነሣል፣ ወለዱ ግን በአብዛኛው ይቀራል። የሂሳብ ባለሙያ ወይም ጠበቃ ስምዎን ሳይገልጽ ቅድሚያ መነጋገር ይችላል። ከደንበኛ የተሰበሰበ ታክስ ሳይተላለፍ ቀርቶ ከሆነ ግን ያ ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስ ይጠበቃል። ማስታወቂያ ጨርሶ ላላስገባ ሰው የተለመደው የ3 ወይም የ4 ዓመት የኦዲት ገደብ እንደማይሠራ ወይም እንደሚረዝም ይወቁ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 8 ዓመት ወደኋላ ልትሄድ ትችላለች።

ደብዳቤው ቀድሞ ከደረሰዎት፣ በላዩ ላይ የተጻፈውን የመልስ ቀን መጀመሪያ ይፈልጉ። ቀኑ ሲያልፍ የይግባኝ መብትም አብሮ ያልፋል። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ እንዲመደብልዎት ይጠይቁ፤ ልጅዎን ወይም የትምህርት ቤት ተማሪ ዘመድ የታክስ ደብዳቤ አያስተርጉሙ። ምን ሰነድ እንደተጠየቀ፣ ለየትኞቹ ወራት እንደሆነ፣ ያነጋገርዎት ሠራተኛ ማን እንደሆነና ቀኑን በማስታወሻ ይጻፉ። ዋናውን ሰነድ ሳይሆን ቅጂውን ይላኩ፤ የተላከበትንም ማስረጃ ከደብዳቤው ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።